ባንክ ገንዘብ የለውም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ 2018

መብራት እስከ አምስት ሰዓት አልነበረም። የኦቦ ዱጋሳ የውሃ ፓምፕ ዲናሞ ለሦስተኛ ጊዜ ተቃጥሎ መጣ። እኚህ ሰውዬ ጉድጓዱ ደርቆም ፓምፑን አያጠፉም። ላሞቻቸው ጠጡ አልጠጡ እሱ ይጮኻል። "ኦቦ፣ ውሃ ሲያልቅ ያጥፉት እንጂ!" ስላቸው፣ "ማለቁን በምን አውቃለሁ?" አሉኝ። ምን ይባላል? ሽቦውን ፈትቼ እንደ አዲስ መጠቅለል ጀመርኩ።

ከድሩ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ወርክሾፔ መጣ። ሦስታችን ከተገናኘን ወሬው ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው... ባንክ። ዛሬም አስረዳኋቸው። ባንክ ብርህን ተቀብሎ ካዝና ውስጥ አስቀምጦ የሚጠብቅልህ ይመስልሃል? ሞኝ! ያንተን ለእሱ ያበድራል፣ የእሱን ለዚያኛው ያበድራል። ሁላችሁም አንድ ቀን ጠዋት ተነሥታችሁ "ብሬን አምጣ" ብትሉት ምን ይሰጣችኋል? እስክርቢቶ!

"እሷንም በገመድ አስሯታል" አለ ከድሩ።

ኦቦ ዱጋሳ ላም ሊገዙ ብድር ጠይቀው ባንክ እየተመላለሱ ነው። "ታዲያ ገንዘብ ከሌለው ለእኔ ምን ሊያበድረኝ ነው?" አሉ። ያልገባቸው ነገር አለ። ነገ እንደገና አስረዳቸዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

አስረዳኋቸው። አልገባቸውም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ጣቢታ ሥራ አገኘች! ዲግሪዋን ይዛ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠች ልጄ...

እራት ላይ ነው የሰማሁት። ባለቤቴ ተስፋነሽ "ለአባትሽ ንገሪው እንጂ" አለቻት። ልጅት አንገቷን ደፋች። ፋብሪካ ነው? አልኩ። አይደለም። ገላን ነው እንዴ፣ ሩቅ ነው? አይደለም፣ እዚሁ ሰበታ። ታዲያ ምን ያሳቅቅሻል?

"ባንክ ነው" አለች።

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ።

አስፋልቱ ዳር የተከፈተው አዲሱ ቅርንጫፍ። ገንዘብ ተቀባይና ከፋይ። ፈተናውን ካለፈች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። እናቷ ታውቃለች፣ ጸሎት ቤት ያሉ ጓደኞቿ ያውቃሉ... እኔ ብቻ! "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። "ትቆጣለህ ብዬ።"

እኔ? እቆጣለሁ? ... እሺ፣ ተቆጣሁ። ግን መጀመሪያ የተቆጣሁት ስላልነገረችኝ ነው። ስለ ባንኩ የተቆጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

የገዛ ልጄ እኔን መፍራቷ አሳዘነኝ። ይኼን ለተስፋነሽ አልነግራትም፤ "አንተው ያመጣኸው ነው" ትለኛለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሥራ ጀመረች። ሰማያዊ ኮት፣ አንገቷ ላይ ስካርፍ። ከመውጣቷ በፊት ጸለይኩላት። "ጌታ ሆይ፣ ልጄን ከአራጣ አበዳሪዎች..." ብዬ ስጀምር ተስፋነሽ "አሜን!" ብላ አቋረጠችኝ።

በምሳ ሰዓት በባንኩ በር አለፍኩ። ሽቦ ልገዛ። ሽቦ የሚሸጠው በሌላ በኩል ነው... ቢሆንስ? መንገዱ የመንግሥት ነው። በመስታወቱ አየኋት። ብር ስትቆጥር ጣቷ እንዴት ይፈጥናል! የእኔ ጣት ነው። ያለምንም ጥርጥር የእኔ ጣት ነው።

ኀሙስ፣ ጥቅምት 27

ዜናው የዋጋ ንረቱ ቀንሷል አለ። ተስፋነሽ ዘንቢሏን ይዛ ከገበያ እየገባች ነበር። ቆማ ሰማች። ዘንቢሏን አየችው። ቴሌቪዥኑን አየችው። ምንም ሳትል ጓዳ ገባች። እኔ እንኳ አሥር ደቂቃ ተናግሬ እንዲህ አድርጌ አላስረዳሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?"

ጣቢታ እንዲህ ስትለኝ ማወቅ ነበረብኝ። የሙከራ ጊዜዋ ታኅሣሥ ውስጥ ያልቃል። ቋሚ ለመሆን ብር መቁጠር ብቻ አይበቃም አሉ፤ አዲስ ደንበኛ ማምጣት አለባት። ሃምሳ ሰው! አብረዋት የተቀጠሩት አጎታቸውን፣ አክስታቸውን፣ የአክስታቸውን አከራይ ሳይቀር አምጥተዋል። የእኛ ልጅ ግን ሠፈር ውስጥ የጠየቀችው ሁሉ "አባትሽ አይደል እንዴ ባንክ አትግቡ ያለን?" ይላታል።

"ቢያንስ አንተ እንኳ ብትከፍት..."

እኔ ለመርህ የቆምኩ ሰው ነኝ። ብር የተቀየረ ጊዜ እንኳ ባንክ ደጃፍ ሳልረግጥ በከድሩ በኩል ነው ያስቀየርኩት። "ልጄ፣ ለአንቺ ሕይወቴን እሰጣለሁ፤ ብሬን ግን ለባንክ አልሰጥም" አልኳት። ጥሩ አባባል መስሎኝ ነበር። ተነሥታ ወጣች።

ከዚያ ተስፋነሽ መጣች። "አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ዲናሞ ውስጥ የከተትከው ብር ይኼኔ ወልዶ ይሆን?" አለችኝ። (ያጠራቀምኳትን የማስቀምጠው ወርክሾፔ መደርደሪያ ላይ፣ "አይሠራም" ብዬ የጻፍኩበት ባዶ የዲናሞ ቀፎ ውስጥ ነው። ማን ይጠረጥራል?) "ስትጀምር ላም ይገዛ ነበር። ዛሬ ጭራዋን ይገዛል?"

"እሱ የመንግሥት ሥራ ነው!" አልኩ። "አዲስ ብር ባተመ ቁጥር የእኔ ይረክሳል። ዶላሩን ሲለቁት ማን ጠየቀኝ? ማን..."

"አተመም አላተመም ላምህ አልቃለች" ብላኝ ወጧን ልታማስል ሄደች።

እውነቷን ነው። አልነገርኳትም።

ኀሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ወርክሾፑ ሙሉ ነበር። ከድሩ አለ፣ የፋብሪካ ልጆች ከሺፍት ወጥተው ተሰብስበዋል። አንዱ ሊያላግጥብኝ ፈልጎ "ጋሽ ዘርሁን፣ አሁን ልጅህ ባንክ ከገባች በኋላስ ምን ትላለህ?" አለኝ።

"ባንክ ባንክ ነው፤ ገንዘብ የለውም" አልኩ።

"የጣቢታም?"

"የጣቢታም! ውስጡ ባዶ ነው። እኔ ነኝ የምነግራችሁ!"

ዝም አሉ። እርስ በርስ ተያዩ። ስንት ዓመት ሳወራ ማንም ሳያቋርጠኝ የጨረስኩት ዛሬ ነው። ደስ አለኝ። ቀስ በቀስ እየገባቸው ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ምን ዓይነት ቀን ነው!

ጠዋት ዓለም ገና ደርሼ በሚኒባስ እየተመለስኩ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ጠጋ አለችኝና "ወንድሜ፣ ሰምተሃል? የሰበታው አዲሱ ባንክ ባዶ ነው አሉ፤ ገንዘብ የለውም" አለችኝ።

አልኩ አይደል! "ማን አለ?" አልኳት።

"እዚያ የምትሠራ ልጅ ለአባቷ በምስጢር ነግራው ነው።"

"አባትየው ማነው?"

"አንድ ዲናሞ የሚጠቀልል ሰውዬ። ለፍላፊ ቢጤ ነው፤ ግን አይዋሽም ይላሉ።"

"ወራጅ አለ!" አልኩ። ገና መንገድ ላይ ነበርን።

የቀረውን በሩጫ ደረስኩ። ሰልፉ ከባንኩ በር እስከ ከድሩ ሱቅ! ሁሉም ብሩን ሊያወጣ ነው። ኦቦ ዱጋሳ ከፊት ናቸው። እሳቸው ብድር ጠያቂ እንጂ የሚያወጡት የላቸውም!

"ኦቦ፣ እርስዎ ምን ሊያወጡ ነው የተሰለፉት?"

"ሰልፍ ሳይ ተሰለፍኩ። ማል ታኤ፣ ምን ተገኘ? ስኳር ነው ዘይት የሚሰጠው?"

ከምሳ በኋላ ጥበቃው ወጣና "ለዛሬ ጥሬ ብር አልቋል፣ ነገ ኑ!" አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ከፋብሪካ ልጆች አንዱ ትከሻዬን መታ አድርጎ "ጋሽ ዘርሁን፣ ልክ ነበርክ!" አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ይህችን ቃል ስጠብቅ ኖሬ... በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየሁ። ጣቢታ ባዶ መሳቢያዋ ፊት ተቀምጣ ታለቅሳለች።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ዛሬ ብር በመኪና መጣ። ሰልፉ ይቀንሳል ብዬ ነበር። ጨመረ! "በመኪና ካመጡት አልነበራቸውም ማለት ነው" ይላሉ። እንዲህ አድርገው እንዲያስቡ ማን አስተማራቸው? እኔው።

ሥራ አስኪያጁ ጣቢታን ጠርቶ "የባንክ ምስጢር አውጥተሻል" ብሏታል። እስከ ሰኞ ነገሩ ካልበረደ ትሰናበታለች። እሷ አንድም ቃል አልነገረችኝም እኮ! "አባቴ ከራሱ ያወራው ነው" ብትላቸው ኖሮ በዳነች። ለምን አላልሽም? አልኳት።

"አባቴ ወሬኛ ነው ልበላቸው?" አለችኝ።

ዕንባዬ መጣ። ሽቦ ፍለጋ ነው ብዬ ወጣሁ።

ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አስቁሜ መናገር ጀመርኩ። እኔ ያልኩት በጠቅላላው ነው! ስለ ዓለም ባንኮች ነው! ይቺ ባንክ ምንም አልሆነችም! ከድሩ እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

"አስፈራርተውህ ነው አይደል?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ኧረ ማንም አላስፈራራኝም!"

"ገብቶኛል ጋሼ። እንዲህ በል ብለውሃል።"

"ከድሩ፣ በፈጠረህ..."

"አይዞህ። እኔ ለማንም አልናገርም።"

ለሰው ሁሉ ተናገረ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። በቃ፣ በዓይናቸው ይዩ። ዲናሞዬን ከመደርደሪያ አወረድኩ፣ ትከሻዬ ላይ ጫንኩ፣ ባንክ ሄድኩ። ገንዘቤን ሳስገባ ካዩ ማን ይሰለፋል?

ጥበቃው "ምንድነው እሱ?" አለኝ። "ቦርሳዬ ነው።" ከብዙ ክርክር በኋላ ገባሁ። አዲስ ሂሳብ የምትከፍተዋ ልጅ ቀና ብላ አየችኝና...

"ፋይዳ አለዎት?"

ጉድ እኮ ነው! "የእኔ እመቤት፣ ሠላሳ ዓመት በዚህ ከተማ ለፍቼ፣ ልጅ አስመርቄ፣ የስንቱን ፓምፕ ከሞት አስነሥቼ... ፋይዳ አለህ ወይ ተብዬ ልጠየቅ?"

"መታወቂያውን ነው ያልኩዎት። ፋይዳ መታወቂያ።"

እሱማ የለኝም። አሻራዬን ለማንም አልሰጥም ብዬ የማልኩ ሰው ነኝ። ጸሎት ቤት አንድ ወንድም "የአውሬው ምልክት ነው" ሲል እኔ እንኳ እስከዚያ አልሄድኩም፤ ብቻ መንግሥት ጣቴን ምን ያደርግለታል? ብዬ ነው። "እንግዲያው መክፈት አንችልም" አለችኝ። ብሬን ይዤ መጥቼ ባንክ አልቀበልም አለኝ! ይኼን ለማን ይነግሩታል?

ዲናሞዬን መልሼ ተሸክሜ ወጣሁ። ሰልፈኛው አየኝ።

"ጋሽ ዘርሁን ብሩን አወጣ!" አለ አንዱ። "በዲናሞ ሙሉ!"

ሰልፉ አስፋልቱን ተሻገረ።

ተስፋነሽ እራት አላቀረበችልኝም። አልጠየቅኋትም።

ኀሙስ፣ ኅዳር 18

ለፋይዳ ተመዘገብኩ። ጣቴ አልነበብም አለ። አንዱን ሞከሩ፣ ሌላውን ሞከሩ፣ አስታጠቡኝ፣ ቅባት ቀቡኝ... ወዲያ! ሽቦውና ቫርኒሹ ሙልጭ አድርጎ በልቶታል። መዝጋቢው ልጅ "ጋሼ፣ አሻራ የለዎትም" አለኝ።

ይኼን ሁሉ ዓመት ከመንግሥት የደበቅኩት አሻራ ለካ የለም!

ዓይኔን አነሡኝ። ቁጥሩ በስልክ መልእክት ይላካል አሉ። ስልኬን አልጋው ላይ አስቀምጬ ተንበረከክሁ። መንግሥት መልእክት እንዲልክልኝ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

አልመጣም። ሁለት መልእክት መጣ፣ ሁለቱም የሎተሪ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

መጣ! ፋይዳ ያለኝ ሰው ሆንኩ።

ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር አደረግሁ። ከላይ ያለችውን ሁለት መቶ ብር አወጣሁና ጥጓ ላይ ትንሽዬ "ዘ" ጻፍኩባት። የት እንደምትደርስ ለማወቅ ያህል ነው። ልጄን አምናለሁ ማለት ባንኩን አልጠይቅም ማለት አይደለም።

ዛሬ በሩ ጋ ደርሼ ዝም አላልኩም። "ላስገባ ነው!" አልኩ። "ሁላችሁም ስሙ፣ ላስገባ ነው እንጂ ላወጣ አይደለም!" ሂሳቡን ከፈትኩ፣ ፈረምኩ፣ ወደ ገንዘብ መቀበያው መስኮት ተላክሁ። ጣቢታ ናት። ፊቷ በአምስት ቀን ከስቷል። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ ቆሟል።

"እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ዘርሁን። ስንት ያስገባሉ?"

እርስዎ አለችኝ! ልጄ!

"ሁሉንም" አልኩ። ካቻቪቴን አወጣሁ፣ ዲናሞውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ፣ ብሎኑን ፈታሁ። ብሩ ቅባት ቅባት ይሸታል። አንድ በአንድ ቆጠረችው። ያ ጣት... ሰልፈኛው አንገቱን አስግጎ ያያል። ከድሩ አላስችል ብሎት ሰልፉን ጥሶ መጣና በዲናሞው ቀፎ ውስጥ ጭንቅላቱን ሊከት ምንም አልቀረውም።

"ባዶ ነው!" ብሎ ጮኸ። "ጋሽ ዘርሁን ሁሉንም አስገባ! የቀረ የለም!"

ይኼ ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን ጠቀመኝ። እኩለ ቀን ላይ ሰልፉ ተበትኖ ነበር። ኦቦ ዱጋሳ ብቻ ቀሩ። መስኮቱ ጋ ደርሰው "ምን ልታዘዝ?" ሲባሉ፣ "ብድሬስ?" አሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

ከድሩ ሂሳብ ከፈተ፤ ወለድ የሌለበትን። "ወለድ ሐራም ነው" አለኝ። "ከነጭራሹ ባንክ ውስጥ ገንዘብ የለም ስትል አልነበር?" አልኩት። "አሁን የአንተ አለ" አለኝ። የፋብሪካ ልጆችም ተጠራርተው ሄዱ። ጋሽ ዘርሁን ዲናሞውን ካስገባ ምን ቀረ ይላሉ። ያስወጣቸውም ያስገባቸውም አፌ አይደለም ማለት ነው፤ ዲናሞው ነው።

ወርክሾፕ ውስጥ ስለ ባንክ አይወራም ብዬ አወጅኩ። "ታዲያ ስለ ምን እናውራ?" አለ ከድሩ። ስለ ኳስ ሞከርን። ማናችንም አናውቅም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ቋሚ ሆነች! ተስፋነሽ እልል አለች። እኔም አልኩ፤ ወንድ ልጅ እልል አይልም ተብዬ ተሳቀብኝ። ይሳቁ።

ኀሙስ፣ ጥር 7

የኦቦ ዱጋሳ ፓምፕ ለአራተኛ ጊዜ ተቃጥሎ ነበር፤ ዛሬ ጨርሼ ሰጠኋቸው። በዋጋ አልተከራከሩም። ይኼ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ከብር እስር ላይ እየቆነጠሩ ከፈሉኝ። እየቆጠርኩ ሳለ አንዷ ላይ ዓይኔ ቀረ።

ጥጓ ላይ ትንሽዬ "ዘ"።

"ኦቦ... ይቺን ከየት አመጧት?"

"ከባንክ ነዋ! ብድሬ ወጣልኝ፣ ላሜን ገዛሁ። ይኼ የተረፈው ነው። ጣቢታ ናት ቆጥራ የሰጠችኝ፣ ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ በልልኝ።"

ተቀመጥኩ። ስልኬን አውጥቼ ሂሳቤን አየሁ። አንድ ሳንቲም አልጎደለም! ብሬ እዚያ ስልኬ ውስጥ አለች። ብሬ በኦቦ ዱጋሳ ዕዳ ላይ አለች። ብሬ እጄ ላይ አለች። የራሴን ብር ተበድረው ለራሴ ከፈሉኝ! ዕድሜዬን ሙሉ ስጮኽበት የኖርኩት ነገር፣ ሞኝ ሲሉኝ፣ ለፍላፊ ሲሉኝ... ማስረጃው ይኸው፣ በገዛ እጅ ጽሑፌ!

ከድሩ በሩ ላይ ቆሟል። የፋብሪካ ልጆችም አሉ። ፊቴን አይቶ "ጋሼ፣ ምን አገኘህ?" አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ጸጥ አሉ። እንደዚያን ቀን።

ባዶ መሳቢያዋ ፊት የተቀመጠች ልጄ ታየችኝ።

"ምንም" አልኩት። "ፓምፑ ውሃ ሳይኖር እየሠራ ነው የተቃጠለው እያልኳቸው ነው።"

"ማለቁን በምን አውቃለሁ?" አሉ ኦቦ ዱጋሳ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ዘጋሁና ባንክ ሄድኩ። ሰልፍ የለም። ያቺን አንዷን ሁለት መቶ ብር በመስኮቱ አቀበልኳት። ጣቢታ ገለበጠቻት፣ አየቻት፣ "ዘ" ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

"ብር ላይ አይጻፍም፣ አቶ ዘርሁን።"

"ይቅርታ።"

"ሊያስገቡ ነው?"

"እንደገና" አልኩ።

ቀና አለች። ገባት። ልጄ እኮ ናት። ጎንበስ ብላ ሰው እንዳይሰማ "አባዬ... ለሰው ተናገርክ እንዴ?" አለችኝ።

"ምኑን?"

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ማኅተሟን መታች። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ፤ ሁለት መቶ ብር ገብቷል ይላል። አንዲቱ ብር፣ ሁለት ጊዜ የእኔ። አፌ ሊከፈት ሲል አየችኝና፣ ከኋላዬ ማንም ሳይኖር፣

"ቀጣይ!" አለች።